የከተማ ትራንስፖርትና የጤና አገልግሎት አስተዳደር በብሪታኒያ

በብሪታኒያ የከተማ አውቶቡስ፣ የምድር ውስጥ ባቡርና ሕክምና በመንግሥት ይመሩ ወይስ በግል ኩባንያ የሚለው ክርክር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ጀምሮ ሳይቋረጥ የዘለቀ ሲሆን፣ ሁለቱ ዘርፎች ያለፉባቸው ለውጦች በእጅጉ ይመሳሰላሉ። ክርክሩ በውስጡ አራት ጉዳዮችን ይይዛል፤ ንብረቱ የማን ነው፣ ሥራውን በየዕለቱ የሚያካሂደው ማን ነው፣ ዋጋውንና የአገልግሎቱን ስፋት የሚወስነው ማን ነው፣ ኪሳራ ሲደርስስ የሚከፍለው ማን ነው የሚሉት። እነዚህ አራቱ በአንድ እጅ ተጠቃለው የተገኙበት ጊዜ ጥቂት ነው። (በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

1948 ለሁለቱም ዘርፎች ወሳኝ ዓመት ነበር። የሌበር ፓርቲ መንግሥት በጃንዋሪ 1 የባቡር ድርጅቶችን ሲወርስ፣ ከ1933 ጀምሮ በሕዝባዊ ቦርድ ይተዳደር የነበረውን የለንደን ትራንስፖርት አብሮ ጠቀለለ። በጁላይ 5 ደግሞ በጤና ሚኒስትሩ በአኑሪን ቤቫን መሪነት ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ሥራ ጀመረና በእንግሊዝና በዌልስ ከ2,600 የሚበልጡ ሆስፒታሎች፣ የበጎ አድራጎት ማኅበራትና የማዘጋጃ ቤቶች ንብረት የነበሩት ጭምር፣ ወደ መንግሥት ተዛወሩ። ታካሚው በሚታከምበት ጊዜ እንዳይከፍልና ወጪው በዋነኛነት ከግብር እንዲሸፈን ቢደነገግም፣ የቤተሰብ ሐኪሞች የመንግሥት ተቀጣሪ ለመሆን ባለመፍቀዳቸው ክሊኒካቸውን በግል እንደያዙ፣ በመዝገባቸው በሰፈረው ታካሚ ቁጥር እየተከፈላቸው እንዲሠሩ ተደረገ። በዓለም ዘንድ የመንግሥት ሕክምና አብነት ተደርጎ የሚጠቀሰው ተቋም፣ ታካሚው መጀመሪያ የሚደርስበትን ደጃፍ ከመነሻው ለግል ውለተኞች ትቶ ነበር ማለት ነው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በማርጋሬት ታቸር ዘመን ነው። በ1985 የወጣው የትራንስፖርት ሕግ ከለንደን ውጭ ያለውን የአውቶቡስ ሥራ ከኦክቶበር 26 ቀን 1986 ጀምሮ ከቁጥጥር ነፃ ሲያደርገው፣ የሥራ ፈቃድ ያለው ማንኛውም ድርጅት በፈለገው መሥመር በመሰለው ታሪፍ መሥራት ቻለ፤ ለማዘጋጃ ቤቱም አትራፊ ስላልሆኑ የተተዉትን መሥመሮች በድጎማ የመሙላት ሥራ ብቻ ቀረለት። ለንደን ከዚህ ሕግ ውጭ ሆና በጨረታ ውል ሥርዓት ቆየች። በዚህ ሥርዓት መሥመሩን፣ የጉዞ ሰዓቱንና ታሪፉን የሚወስነው የከተማው ባለሥልጣን ሲሆን፣ የግል ኩባንያዎች እያንዳንዱን መሥመር ለተወሰኑ ዓመታት ለማንቀሳቀስ ይወዳደራሉ፤ በዛሬው አሠራር የትኬቱ ገቢ ለባለሥልጣኑ ገብቶ ኩባንያው በውሉ የተስማማበትን ክፍያ ይቀበላል። በቀጣዮቹ አሥርት ዓመታት ከለንደን ውጭ የአውቶቡስ ተሳፋሪ ቁጥር ሲያሽቆለቁል የለንደኑ ወደ እጥፍ ተጠጋ። ይሁንና ልዩነቱን ለአስተዳደሩ ብቻ መስጠት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ ለንደን ከፍተኛ ድጎማ ነበራት፣ ከ2003 ጀምሮም ወደ መሀል ከተማ የሚገቡ መኪኖችን ታስከፍል ነበር። «የግል» ከተባሉት የለንደን ኩባንያዎች መካከል ለዓመታት የጀርመንና የፈረንሳይ መንግሥታት ንብረት የነበሩ መኖራቸውም ክርክሩን አስቂኝ መልክ ይሰጠዋል። ኤዲንብራና ኖቲንግሃም በበኩላቸው የማዘጋጃ ቤት አውቶቡሶቻቸውን ሳይሸጡ ቆይተዋል። ታላቋ ማንችስተር በ2017 የወጣውን ሕግ ተጠቅማ ከሴፕቴምበር 2023 እስከ ጃንዋሪ 2025 ባለው ጊዜ አውቶቡሶቿን በየተራ ወደ ጨረታ ውል ሥርዓት መልሳለች።

የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ሌላ መንገድ ተሞክሮበታል። በ2002 ማብቂያና በ2003 በተፈረሙ የ30 ዓመት ውሎች ባቡሮቹን ማሽከርከር በመንግሥት እጅ ሲቀር፣ የሐዲዱ፣ የባቡሮቹና የጣቢያዎቹ ጥገናና እድሳት ለሜትሮኔትና ለቲዩብ ላይንስ ተሰጠ። አሠራሩ የመንግሥትና የግል አጋርነት ይባላል፤ ዋና መከራከሪያው የወጪ ንረትን አደጋ ኩባንያው ይሸከማል የሚል ነበር። የሜትሮኔት ባለአክሲዮኖች ግን ራሳቸው ዋና ሥራ ተቋራጮቹ ስለነበሩ ወጪን የመቆጣጠር ፍላጎታቸው ደካማ ነበር። ኩባንያው በጁላይ 2007 ሥራውን መቀጠል አቅቶት በፍርድ ቤት ለተሾመ አስተዳዳሪ ሲተላለፍ፣ ከብድሩ 95 በመቶውን አስቀድሞ የዋስትና ግዴታ የገባው የሕዝብ አካል ነበርና ዕዳው ወደ መንግሥት ዞረ፤ ቲዩብ ላይንስንም የለንደን ትራንስፖርት ባለሥልጣን በ2010 በ310 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው።

በጤናው ዘርፍ በ1990 የወጣው ሕግ ከ1991 ጀምሮ «የውስጥ ገበያ» የሚባለውን አሠራር አስተዋወቀ፤ ይኸውም ሁለቱም ወገኖች የመንግሥት ሆነው አንዱ ሕክምና ገዢ፣ ሌላው ሻጭ የሚሆኑበት ነው። ስኮትላንድና ዌልስ በኋላ ሲተዉት እንግሊዝ ገፋችበት፤ በ2012 የወጣው ሕግም ውድድሩን አጠናከረ። በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ ሀንቲንግደን ከተማ የሚገኘው ዕዳ ያለበት የሂንቺንግብሩክ ሆስፒታል ሰርክል ለተባለ ኩባንያ በ10 ዓመት ውል ተሰጠ። ሕንፃውም ሠራተኛውም የመንግሥት ሆኖ ቀረ፤ ኩባንያው ግን ከ5 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ኪሳራ ለመሸፈን ከተገደደ ውሉን የማፍረስ መብት ነበረው። በጃንዋሪ 2015 ለመውጣት መወሰኑን አስታወቀ፤ ሆስፒታሉም ለመንግሥት ተመለሰ። በ2018 መጀመሪያ ካሪሊየን የተባለው የግንባታ ኩባንያ ሲከስር ደግሞ በእጁ የነበሩ ሁለት ሆስፒታሎች ሳይጠናቀቁ ቀሩ፤ የሊቨርፑሉ በ2022፣ በርሚንግሃም አጠገብ ያለው በ2024 በመንግሥት ገንዘብ ተጠናቀው ተከፈቱ።

በሁለቱም ዘርፎች ወደ ግሉ ተላልፏል የተባለው አደጋ ተመልሶ የመጣበት ምክንያት አንድ ነው። ባቡሩም ድንገተኛ ክፍሉም ለአንድ ቀን እንኳ መዘጋት ስለማይችሉ መንግሥት ኩባንያው እንዲወድቅ ፈቅዶ ዳር መቆም አይችልም። ልዩነታቸው የሚጎላው በመለኪያ ላይ ነው። ተሳፋሪ በፌርማታ ተጨማሪ ስንት ደቂቃ እንደጠበቀ ይመዘገባል፤ በለንደን የኩባንያው ጉርሻና ቅጣትም በዚህ ይወሰናል። የሕክምና ጥራት ግን እንዲህ በቀላሉ በውል አይሰፈርም፤ ታካሚውም የተሰጠውን ሕክምና ተገቢነት መመዘን አብዛኛውን ጊዜ ይቸግረዋል። በ2022 የወጣው የጤና ሕግ በጨረታ የማወዳደር ግዴታን ያላላው ሲሆን፣ የግል ሆስፒታሎች ለብሔራዊ አገልግሎቱ በብዛት የሚሠሩት አስቀድሞ ቀጠሮ የሚያዝላቸውን እንደ ዓይን ሞራ ማስወገድና የዳሌ መገጣጠሚያ ቅየራ ያሉ ሕክምናዎች ነው፤ የድንገተኛና የጽኑ ሕሙማን ሕክምና ግን ከሞላ ጎደል በመንግሥት ሆስፒታሎች ይሰጣል።