የጋይንት መንገድና የማታዋ ክኒን

ፌኖባርቢታል የሚባለው ክኒን የሚጥል በሽታን እንደሚያስታግስ ጀርመናዊው ሐኪም አልፍሬድ ሃውፕትማን ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 1904 ዓ.ም. ገደማ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ገና በሕይወት ሳሉ። ክኒኑ ርካሽ ነው፤ ማቀዝቀዣ አይፈልግም፤ በቀን አንዴ ይበቃል። ይህ ሁሉ ሆኖ፣ ከሰባ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ ገጠር 60,820 ሰው በሚኖርበት አካባቢ ቤት ለቤት ሲያስጠይቁ የሚጥል በሽታ ያለባቸው 316 ሰዎች ተገኙ። ከእነዚህ ውስጥ ለበሽታው በታወቀ ዘመናዊ መድኃኒት የታከመው ከመቶ 1.6 ብቻ ነበር፤ በሰው ሲቆጠር አምስት ቢሆን ነው። ውጤቱ በ1982 ዓ.ም. ታተመ። ቡታጅራ ከአዲስ አበባ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሞላም። እዚያ እንዲህ ከሆነ፣ ዓባይ ከጎጃም፣ በሽሎ ከወሎ በሚለዩት በስማዳ፣ በላይና ታች ጋይንት፣ በእስቴም ምን ይመስል እንደነበር ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። ታዲያ ክኒኑ ያን ሁሉ ዘመን የት ነበር? የተለመደው መልስ «ሕዝቡ በጸበልና በክታብ ስለሚያምን አልፈለገውም» የሚል ነው። እኔ ግን መልሱ ሌላ ቦታ ያለ ይመስለኛል፤ በሽተኛውን ካርዱን ይዞ በቀጠሮው ቀን የሚጠብቅ፣ ሲቀር ለምን ቀረ ብሎ የሚጠይቅ ነርስ በአቅራቢያው አልነበረም።

በመጀመሪያ ከክኒኑ በፊት የነበረውን እንይ። ይህ አገር የመጻፍና የማንበብ አገር ነው። የድጓው ምስክር ቤተልሔም፣ የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አምባ ጋይንት ውስጥ ናቸው። እንዲህ ባለ አገር መድኃኒት የሚያውቅ ደብተራ አይታጣም። ደብተራው በብራና ላይ የሚጽፈው ክታብ ብዙውን ጊዜ ባርያና ሌጌዎን የሚባሉትን፣ ሰውን ጥለው ያንፈራግጣሉ የተባሉ መናፍስት ለማራቅ ነበር፤ በየአውሮጳው ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም ዛሬ ተጠቅልለው የተቀመጡት የኢትዮጵያ ክታቦች በእነዚህ ስሞች የተሞሉ ናቸው። ክታቡ ለአንድ ሰው በክርስትና ስሙ ይጻፋል፤ ጥቅልሉም አንዳንዴ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይቆረጣል። ጸበሉም እንዲሁ ነው፤ ሰባት ቀን፣ ሁለት ሰባት እየተባለ ይቆጠራል፤ አብሮ የሚያድር ዘመድ አለ፤ አጥማቂው በሽተኛውን በስሙ ያውቀዋል። የሕክምናውን ፍሬ ትተን አሠራሩን ብቻ ብናየው፣ እነዚህ ሁለቱ ቀጠሮ፣ ክትትልና አስታማሚ ነበራቸው። ዘመናዊው ሕክምና ወደ አካባቢው ሲመጣ ግን ሦስቱንም ይዞ አልመጣም።

የመጣበትን ሁኔታ ልብ እንበል። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት፣ ከዚያ በፊት ደንቢያን የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ትዝታ ገና ትኩስ ነበር። ኮሌጁ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን በአንድ ቡድን አሠልጥኖ ወደየጤና ጣቢያው ላከ። ለዘመኑ ትልቅ እርምጃ ነው፤ እንዲያውም ኢትዮጵያ በሐኪም እጥረት ላይ ያፈለቀችው ከሁሉ ብልህ መልስ ይህ ይመስለኛል። ይሁን እንጂ ቡድኑ የተሠራው ለወረርሽኝ፣ ለወሊድ፣ ለክትባትና ለመጸዳጃ ጉድጓድ ነበር። ከጤና ጣቢያው በታች ባለው ክሊኒክ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ድሬሰር ብቻ ነበር፤ ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል፣ ክኒን ቆጥሮ ይሰጣል፤ በሽተኛው ይድናል ወይም አይድንም፣ ተመልሶ ይመጣል ተብሎ ግን አይጠበቅም። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ለዚህ ቤት አይመችም። በመጣበት ሰዓት ደህና ነው፤ ትኩሳት የለውም፣ ቁስል ካለውም ምድጃ ላይ ወድቆ የተቃጠለው ነው። ድሬሰሩ ቃጠሎውን አክሞ ያሰናብተዋል። ያቃጠለው በሽታ የሚመዘገብበት መዝገብም አልነበረም።

መንገዱ ሌላው ነገር ነው። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አልፎ ወልድያ የሚወርደው ጎዳና በደርግ ዘመን በቻይናውያን እስኪሠራ ድረስ፣ ጋይንት ከጎንደርም ከደሴም በበቅሎና በእግር የሚደረስበት አገር ነበር። ጎዳናው ከተሠራ በኋላም ዋናው መስመር ሸንተረሩን ይዞ ስለሚሄድ፣ ወደ ስማዳዋ ከተማ ወደ ወገዳ የሚወርደው፣ ከዚያም ወደ ቆላው ቀበሌ የሚቆለቆለው ሰው ትርፉ ጥቂት ነበር። የአእምሮ ሕክምና ነርሶች በአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል መሠልጠን የጀመሩት በ1980 ዓ.ም. አካባቢ ሲሆን፣ በየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታል ሲመደቡ ከበራቸው ከተሰለፈው ውስጥ ብዙው የሚጥል በሽታ ያለበት ሆነ። ግን ሆስፒታሉ ያለው ከተማ ነው። በወር አንድ ጊዜ ክኒን ለመውሰድ ሁለት ቀን ሄዶ ሁለት ቀን መመለስ፣ ያውም መንገድ ላይ ሊጥለው ለሚችል ሰው፣ አብሮት የሚሄድ ዘመድ ከእርሻው ተነጥሎ ማለት ነው። በአጨዳ ወቅት ይህን የሚችል ቤተሰብ ስንት ነው? ክኒኑን ያቋረጠውን ሁሉ «አላመነበትም» ማለት የመንገዱን ወጪ በሃይማኖቱ ላይ መጻፍ ነው።

ለውጡ የመጣው ከጎንደርና ከጅማ ነው። ዶክተር ሽታዬ ዓለሙ ጎንደር ላይ፣ የጅማ ባልደረቦቻቸው በበኩላቸው፣ በብሪታኒያዊው ሐኪም በኤልድሪድ ፓሪ ድርጅት እየተደገፉ፣ የስኳርና የሚጥል በሽታ ክትትልን ከሆስፒታል አውርደው ለጤና ጣቢያ ነርሶች ሰጡ። ነርሷ ትሠለጥናለች፤ ሐኪሙ በየጊዜው ወደ ጤና ጣቢያው ይመጣና የከበዱትን አብሯት ያያል። ከጅማ የወጣው የመጀመሪያው ዘገባ በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ ታተመ፤ ቀጥሎ የመጣው ጥናት ደግሞ ክትትል ያቋረጡት ለምን እንዳቋረጡ የሚጠይቅ ነበር። ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ከሁሉ በላይ አከብረዋለሁ፤ የቀረውን ሰው መፈለግ የጀመረ ሕክምና ነውና።

ነርሷ ምን ትሠራለች? ካርዱን ከመደርደሪያ አውጥታ ያለፈውን ቀን ታያለች። የመጀመሪያ ጥያቄዋ ለበሽተኛው ሳይሆን አብራው ለመጣችው እናቱ ነው፤ ሲጥለው እሱ አያውቅምና። «እናቴ፣ ካለፈው ወዲህ ስንቴ ጣለው? ሌሊት ነው ቀን? ምላሱን ነክሷል?» ቀጥላ የተረፈውን ክኒን ታስቆጥራለች። ለሠላሳ ቀን የሰጠችው ሠላሳ ከሆነና ስምንት ከተረፈ፣ መጠኑን መጨመር ስሕተት ነው፤ መጀመሪያ ያልተዋጡት ስምንቱ ለምን እንዳልተዋጡ ይጠየቃል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንቅልፍ እንደሚያበዛ፣ እየቆየ እንደሚለምድ ትነግራለች፤ ይህን ያልሰማ ሰው በሦስተኛው ቀን «አደነዘዘኝ» ብሎ ይተወዋል። ሕፃን ከሆነ ክኒኑ እንቅልፍ ሳይሆን ቁንጥንጥነት ሊያመጣ እንደሚችል፣ ሰውነት ላይ ሽፍታ ከወጣ በቶሎ መምጣት እንዳለበት ታስረዳለች። ፌኒቶይን የሚባለውን ሌላ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስደውን ድዱን ገልጣ ታያለች፤ ያብጣልና። ከዚያ ምክሩ ይመጣል፤ ምድጃው ይከለል፤ ብቻውን ወንዝ አይውረድ፤ ሲጥለው በጎን አስተኙት እንጂ ማንኪያ በጥርሱ መሃል አታስገቡ፤ ክብሪት አጭሳችሁ አታሽትቱት። ለሀጩ በንክኪ አያስይዝም። ይህ የመጨረሻው ቀላል ይመስላል። በቡታጅራ የሕዝቡ አመለካከት ሲጠና ግን ሲጥለው የነኩት ሰው በሽታው ይጋባበታል የሚል እምነት በብዙዎች ዘንድ ተገኝቷል፤ ሰው እሳት ውስጥ እየተቃጠለ ቆሞ የሚታየው በጭካኔ ሳይሆን በዚህ ፍርሃት ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። ነርስ የአንጎል ሐኪም አይደለችም፤ የአንጎል ሞገድ መመርመሪያም ወገዳ የለም፤ ራሱን የሳተውን ሁሉ የሚጥል በሽታ ነው ብላ ዓመታት በማያስፈልገው ክኒን ብታቆየውስ? አደጋው እውነት ነው፤ በሐኪምም እጅ ይደርሳል። ነገር ግን የገጠሩ በሽተኛ በአብዛኛው የሚመጣው መላ ሰውነቱን በሚያንቀጠቅጥ፣ ምላስ በሚያስነክስና በሚያሸና ግልጽ ሕመም ነው፤ ይህን ለመለየት የሚያስፈልገው በደንብ መጠየቅ ነው። ማስረጃም አለ። በኬንያ ናኩሩ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ1991 በላንሴት በታተመ ጥናት፣ 302 ሕሙማን በመንደር ደረጃ በፌኖባርቢታል ወይም በካርባማዘፒን ታክመው ዓመቱን ከጨረሱት 249 ሰዎች ውስጥ ከግማሽ በላይ በመጨረሻዎቹ ስድስት ወራት አንድም ጊዜ አልጣላቸውም። በቻይና ገጠርም ቆየት ብሎ በሺዎች ላይ ተመሳሳይ ሙከራ ተደርጎ ፌኖባርቢታል በቀበሌ ሐኪሞች እጅ እንደሚሠራ ታይቷል። ሌላው ተቃውሞ መድኃኒቱን ይነካል፤ ፌኖባርቢታል ያረጀ ነው፣ ያደነዝዛል፣ ሀብታሙ አገር ትቶት ለድሃ የሚሰጥ ነው ይባላል። ትችቱ ግማሽ እውነት አለው፤ የሚማር ልጅ ከእንቅልፉ ጋር ሲታገል ሌላ ምርጫ ሊኖረው ይገባል። ሆኖም ምርጫው በፌኖባርቢታልና በተሻለ ክኒን መካከል በሆነባቸው ቦታዎች የሚሠራው ክርክር፣ ምርጫው በፌኖባርቢታልና በባዶ እጅ መካከል በሆነበት አይሠራም።

እንዲያውም ይህ አሮጌ ክኒን ለዚህ አገር የሚመች አንድ ጠባይ አለው። ግማሹ ከደም እስኪወጣ አራት ቀን ገደማ ስለሚፈጅ በቀን አንዴ፣ ማታ ሲተኙ ይወሰዳል። በዓመት ከመቶ ሰማኒያ ቀን በላይ በሚጾምበት አካባቢ፣ እስከ ተሲያት ምንም የማይቀምስ ሰው ካርባማዘፒንን ጠዋትና ማታ ከሚውጥ ይልቅ ይህችን የማታ ክኒን ያለ ጭንቀት ይወስዳል፤ እንቅልፉም በሰዓቱ ይሆናል። ጸበል ለሚሄደውም እንደዚሁ። ይህን የምታውቅ ነርስ «ጸበሉን ተው» አትልም፤ «ክኒኑን ማታ ማታ ይዘህ ሂድ» ትላለች። አንዳንድ አጥማቂዎች መድኃኒት ካላቆምክ አትጠመቅም የሚሉ መሆናቸው አይካድም፤ ጉዳቱም ከባድ ነው፤ ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቆም መጣሉ ተደጋግሞ፣ ሳያቋርጥም ሊመጣ ይችላል፤ ያ ደግሞ ይገድላል። መፍትሔው ግን ከአጥማቂው ጋር መነጋገር ነው፤ ያንን የምትችለውም በዚያው ደብር የምታስቀድሰው ነርስ እንጂ ከባሕር ዳር የመጣ ፖስተር አይደለም።

ሴቶችን በተመለከተ ነገሩ ይወሳሰባል። ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዘፒን ጉበት የእርግዝና መከላከያ ክኒንንና በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውን በቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋሉ፤ ሴቲቱ ተከላክያለሁ ብላ ታረግዛለች። በየሦስት ወሩ የሚወጋው ግን ይህ ችግር ብዙም አይነካውም። ቫልፕሮት የሚባለው ሌላው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ደግሞ ለፅንስ አደገኛ ስለሆነ መውለድ ለምትችል ሴት የመጨረሻ ምርጫ መሆን አለበት። በጤና ጣቢያ የቤተሰብ ምጣኔ ክፍልና የሚጥል በሽታ ካርድ ያለበት ክፍል ብዙ ጊዜ ጎን ለጎን ናቸው፤ ሁለቱ ነርሶች ካልተነጋገሩ ግን ሁለቱም ሥራቸውን በትክክል ሠርተው ሴቲቱ ትጎዳለች። ማኅበራዊ ኑሮው ያባብሰዋል፤ ለባሏ ያልተናገረች ሴት ክኒኗን ደብቃ ትውጣለች፣ የማታ ክኒን ደግሞ ለመደበቅ አይመችም።

ዛሬ በነፋስ መውጫ፣ በመካነ ኢየሱስና በወገዳ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች አሉ፤ ከሠላሳ ዓመት በፊት ሊታሰብ የማይችል ነገር ነው። ግን የተገነባው ክትትል ምን ያህል በአንድ ክር እንደተንጠለጠለ በቅርብ ዓመታት ታይቷል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ነፋስ መውጫ ከሳምንት በላይ በትግራይ ኃይሎች እጅ በቆየችበት ጊዜ የከተማዋ ሆስፒታል ተዘርፏል፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የተካሄደው ጦርነትም መንገድ ዘግቷል። የደም ግፊት በሽተኛ መድኃኒቱ ለሁለት ሳምንት ቢቋረጥበት ጉዳቱ ቀስ ብሎ ሊመጣ ይችላል፤ ፌኖባርቢታል የሚወስድ ሰው ግን በቀናት ውስጥ ሊጥለው ይችላል። ስለዚህ በየወሩ መቅጠርን ትቶ ለተረጋጉት የሦስት ወር ክኒን መስጠት የግድ ይመስለኛል። እርግጥ መድኃኒቱን የሚቆጣጠር ሕግ አለ፤ ፌኖባርቢታል እ.ኤ.አ. በ1971 የሥነ አእምሮ መድኃኒቶች ስምምነት ቁጥጥር ሥር ያለ ነው። በቤት ውስጥ ዘጠና ክኒን ማስቀመጥ ለሕፃናትና ራሱን ለመጉዳት ለሚያስብ ሰው አደጋ መሆኑም ተገቢ ሥጋት ነው። ለዚህ ነርሷ ከማደሏ በፊት ሁለት ነገር ትጠይቅ፤ ስለ ስሜቱ፣ እና ክኒኑ ቤት ውስጥ የት እንደሚቀመጥ። ከፍ ባለ ሣጥን ተቆልፎ ቁልፉ በእናቲቱ እጅ ከሆነ፣ ሦስት ወር መስጠት በዝናብ ወቅት ወንዝ ሞልቶ ባዶ እጅ ከመቅረት ይሻላል።