የወንዝ መዝገብ ስለ ጎረቤት ምን ይመሰክራል?

ከዋጃ በስተ ምዕራብ የቆመው የተራራ ሰንሰለት ውኃ ከፋይ ነው። በምሥራቅ ጐኑ የሚወርደው ጎርፍ የራያን ቆላ አጠጥቶ ወደ አፋር በረሃ ሲዘልቅ፣ ከማዶ የዘነበው ደግሞ በተከዜ በኩል ወደ ሱዳንና ወደ ግብጽ ይሄዳል። የቆላው ገበሬ ጎርፍ ጠልፎ ስለሚያለማ፣ ውኃው ከታችኛው ማሳ ሳይደርስ ሲቀር ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። በተራራው ላይ ዘንቧል ወይ? ዘንቦስ ከሆነ የላይኛው ምን ያህሉን አስቀረ? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በዓባይ ክርክር ውስጥ የፊተኛው ጥያቄ ተዘንግቶ ኋለኛው ብቻውን ሲጠየቅ መኖሩን ማመልከት ነው። (ዘመኖቹ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥርጣሬው ጥንታዊ ነው። በ13ኛው ምዕት ዓመት የነበረው ግብጻዊው የታሪክ ጸሐፊ አል መኪን እንደሚተርከው፣ በፋጢማውያን ዘመን የዓባይ ሙላት በቀረ ጊዜ የእስክንድርያው ፓትርያርክ ወደ ኢትዮጵያ ንጉሥ ተልኮ ውኃውን እንዲለቅ ለምኗል። በ18ኛውም ምዕት ዓመት አገራችንን የጎበኘው ጄምስ ብሩስ፣ ንጉሥ ላሊበላ ወንዞቹን ወደ ሌላ አቅጣጫ ሊመልስ አስቦ ነበር የሚለውን ትውፊት ጽፏል። ካይሮ በሮዳ ደሴት ላይ በ861 የታነጸ የውኃ መለኪያ ዓምድ ነበራት። ዓምዱ ውኃው መጉደሉን ይናገራል፤ የጎደለበትን ምክንያት ግን አይናገርም።

የአስዋን መዝገብ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ይሰጠናል። ከ1871 እስከ 1898 የወንዙ ዓመታዊ ፍሰት በአማካይ 110 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ነበር፤ ከ1899 እስከ 1970 ወደ 85 ቢሊዮን ወረደ። በ1902 ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ባደረጉት ውል፣ ሳይስማሙ በጥቁር ዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ ፍሰቱን የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራ ተስማሙ። ይሁን እንጂ ያን ያህል ውኃ የጎደለው በእነዚህ ወንዞች ላይ አንድም የኢትዮጵያ ግድብ ሳይኖር ነው። አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ምክንያቱን ለዝናም መቀነስ ይሰጣሉ፤ ከመለኪያው መለወጥ ጋር የሚያያይዙትም አሉ። 46 ቢሊዮን ያህል ብቻ የፈሰሰበት 1913 በሰሜን ኢትዮጵያም የድርቅ ዘመን ነበር። በ1984ም በኮረምና በራያ ሕዝቡ በረኀብ ሲያልቅ ዓባይ እጅግ ዝቅ ብሎ ፈሰሰ። በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ ውስጥ በጥቁር ዓባይም ሆነ በተከዜ ዋና ወንዝ ላይ ትልቅ የውኃ ማከማቻ ግድብ ገና አልተሠራም ነበር። የላይኛው ጎረቤት ራሱ ተጠምቶ ነበር።

በ1959 ግብጽና ሱዳን 84 ቢሊዮን የሆነውን አማካይ ይዘው 55.5 ለግብጽ፣ 18.5 ለሱዳን፣ 10 ለትነት መደቡ። ኢትዮጵያ በውሉ አልተጠራችም። ከ1899 በፊት ያለው ዘመን ብቻ ተወስዶ ቢሆን ኖሮ የሚከፋፈለው ውኃ በብዙ በበለጠ ነበር። እንግዲህ «የተለመደው ፍሰት» የሚባለው መነሻ ዘመኑን በመረጠው ሰው እጅ ነው።

74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዘው ታላቁ የኅዳሴ ግድብ በ2025 ተመርቋልና፣ የላይኛው ምን ያህል አስቀረ የሚለው ጥያቄ ዛሬ ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን በአስዋን ብቻ አይገኝም። በደጋው የዘነበው፣ ወደ ግድቡ የገባውና የወጣው፣ በድንበሩ በኤል ዲየም የተለካው፣ ከሐይቆቹ የተነነውም አብሮ መነበብ አለበት። ከጎደለው ላይ ዝናም ያጎደለው ከተቀነሰ በኋላ የሚቀረው ብቻ በጎረቤት ላይ ሊቈጠር ይችላል። ይህ ስሌት በሦስቱ አገሮች ፊት በአንድነት ካልተሠራ፣ የሚመጣው ድርቅ ሁሉ እንደ ክስ መቈጠሩ አይቀርም።