ልዕልት ቤያትሪስና የአልካንታራው ድርድር

በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፖርቱጋል ከነበሩት ልዕልታት መካከል፣ ዘውድ ሳትጭን የነገሥታትን ምክር በእጇ ይዛ የኖረችው የቪዜው መስፍን ባለቤት ቤያትሪስ ናት። ባሏ መስፍን ፌርናንዶ እ.ኤ.አ. በ1470 ካረፈ በኋላ፣ ልጆቿ ለአካለ መጠን እስኪደርሱ ድረስ ሰፊውን ርስት ብቻ ሳይሆን የክርስቶስን ፈረሰኞች ማኅበርና የማዴይራን ደሴት ጭምር በሞግዚትነት አስተዳደረች፤ እነዚያ ሰይፍ የታጠቁ መኳንንት ለሴት ሥልጣን መታዘዝ ምን ያህል እንደከበዳቸው አንባቢ ይገምተው።

ስሟን አብልጦ ያስጠራው ግን፣ ፖርቱጋልና ካስቲል ስለ አልጋ ወራሽነት ደም ሲፋሰሱ ቆይተው በደከሙበት በ1479፣ ወደ አልካንታራ ተሻግራ ከእኅቷ ልጅ ከንግሥት ኢሳቤላ ጋር ፊት ለፊት መነጋገሯና የዕርቁን መንገድ መጥረጓ ነው። በዚያው ዓመት በአልካሶቫስ በተፈረመው ውል የጊኒ ባሕር ለፖርቱጋል፣ የካናሪያ ደሴቶች ለካስቲል ሲጸኑ፣ ለመተማመኛ የተያዙት የሁለቱ መንግሥታት ሕፃናት በሞውራ ከተማ በእርሷ ጥበቃ ሥር ተቀመጡ።

ዕርቀ ሰላሙ ግን ለገዛ ቤቷ አልተረፈም። የልጇ የሌዎኖር ባል ንጉሥ ዳግማዊ ዦዋዎ፣ በ1483 ሌላውን አማቿን የብራጋንሳን መስፍን በኤቮራ አደባባይ በሰይፍ አስቀጣ፤ በማግሥቱም ዓመት ልጇን ዲዮጎን በገዛ እጁ ወግቶ ገደለ። ይህን ሁሉ ተሸክማ ከዚሁ ንጉሥ ዘመን መትረፏ፣ በእኔ አስተያየት፣ ከአልካንታራው ጥበቧ ይበልጣል።

በ1506 ዐርፋ በቤጃ ገዳም ተቀበረች። በ1495 የነገሠው ልጇ ማኑኤል፣ የእቴጌ እሌኒን መልእክተኛ ማቴዎስን በ1514 በሊዝበን የተቀበለው ንጉሥ ነው።