የዘበኛ ተዝካር፦ ከእንጦጦ ግርጌ የወደቁ ሕግ አስከባሪዎች መታሰቢያ

በኢትዮጵያ ሕግ ሲያስከብር የወደቀ ሰው ረጅሙን ዘመን ሲታወስ የኖረው በሐውልት ሳይሆን በተዝካር ነው። ቤተሰቡ እንጀራ ጋግሮ፣ ጠላ ጠምቆ፣ ካህናት ጠርቶ በአርባኛው ቀን ተዝካሩን ያወጣለታል፤ ዓመት ሲሞላም ሙት ዓመቱን ያስባል። መንግሥት በዚህ መታሰቢያ ውስጥ የገባው ዘግይቶ ነው፤ ከገባ በኋላም ሹሙንና ተራውን ዘበኛ እኩል አስታውሶ አያውቅም። ታሪኩን ለመከተል እንጦጦ ማርያም ጥሩ መነሻ ናት። ዳግማዊ ምኒልክ የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ የጫኑት በእርሷ ነው፤ የመጀመሪያው የከተማ ዘበኛ የቆመው ከእርሷ ሥር ባለው ገበያ ነው፤ ስደተኛው ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአምስት ዓመት በኋላ ሲመለሱም ወደ ከተማዋ ከመግባታቸው በፊት የጸለዩት በዚችው ደብር ነው።

ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም የነገሡት ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ነው። በዚያ ጊዜ በኮረብታው ላይ ቤተ መንግሥት፣ የመኳንንት ሰፈርና ሠራዊት ነበር፤ ፖሊስ የሚባል ግን አልነበረም። የግቢውን ጸጥታ የቤተ መንግሥት ዘበኞች ይጠብቃሉ። ከግቢ ውጭ ሕግ የሚያስከብረው መልከኛው፣ ጭቃ ሹሙና የአገሩ ሰው ራሱ ነው። ወንጀል ተሠርቶ ሠሪው ሲጠፋ የአካባቢው ሕዝብ በአውጫጭኝ ይሰበሰብና የሚያውቀውን በመሐላ እንዲያወጣ ይገደዳል። ሌባ ለማግኘት ሌባ ሻይ ይጠራል፤ መድኃኒት የጠጣው ልጅ እየተወላገደ የገባበት ቤት ባለቤት ተጠያቂ ይሆን ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ በሰንሰለት ተቆራኝተው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ። በገጠር ሽፍታ ሲበረታ ነጭ ለባሽ ይወጣል፤ እነዚህ የገዛ መሣሪያቸውን ይዘው፣ ስንቃቸውን ቋጥረው አለቃቸውን የሚከተሉ ባላገሮች ነበሩ።

ነጭ ለባሽ ሽፍታ ሲያሳድድ ቢወድቅ ሞቱ የመንግሥት መዝገብ አይደርስም፤ የወገኖቹ ደም ይሆናል። በትልቅ ለቅሶ የሟቹ ፈረስ በኮርቻውና በጌጡ ተሸልሞ በለቀስተኛው መካከል ይጎተታል፤ ጠመንጃው፣ ጋሻው፣ ልብሱም አብረው ይዞራሉ። ሙሾ አውራጇ የሠራውን ሥራ በግጥም ታወርዳለች፤ ሌላው ለቀስተኛ ይቀበላታል። ማን እንደገደለው፣ የት እንደወደቀ፣ ከማን ጋር እንደነበረ የሚነገረው በዚያ ሙሾ ነው። ገዳዩ ካልተያዘ ወንድም ወይም ልጅ ደሙን እንዲመልስ ይጠበቃል፤ ሽማግሌ ገብቶ ደም ካላደረቀ ቂሙ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። ስለዚህ በዚያ ዘመን ሟችን ማስታወስና ደሙን መፈለግ የማይነጣጠሉ ነበሩ። ኋላ ፖሊስ በደንብ ሲቋቋም ይህ ተለየ፤ ዘበኛን መግደል በመንግሥት ላይ የተፈጸመ ወንጀል ሆነ፣ ዘመዶቹም ደም ከመመለስ ግዴታ ነጻ ወጡ። በለውጡ ሀገር ብዙ አተረፈች። ይሁንና በሙሾው ይነገር የነበረውን ሙሉ ታሪክ የፖሊስ መዝገብ አልተካውም።

ቤተ መንግሥቱ ከእንጦጦ ወርዶ አዲስ አበባ ስትቆረቆር አራዳ ገበያ የከተማዋ ልብ ሆነ። ከየአገሩ የመጣ ነጋዴ፣ ደላላና ሥራ ፈላጊ የሚተራመስበት ቦታ በጭቃ ሹምና በአውጫጭኝ ሊጠበቅ አልቻለም፤ ሰው ጎረቤቱን በማያውቅበት ገበያ የጎረቤት ምስክርነት አይሠራም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት የተቋቋመው የአራዳ ዘበኛ ከዚህ ችግር የመጣ ነው። በ1920ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ የሠለጠነ የከተማ ፖሊስ ነበራት፤ በባቡር መስመሩም ጥበቃ ይደረግ ነበር።

የዚያ ፖሊስ ትልቁ ፈተና የመጣው በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን ከተማዋን ለቀው ሲወጡ አዲስ አበባ በዘረፋና በእሳት ታመሰች፤ የጣሊያን ጦር የገባው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። የከተማው ፖሊስ አዛዥ የነበሩት የራስ ጎበና ዳጬ የልጅ ልጅ ባላምባራስ አበበ አረጋይ እጃቸውን አልሰጡም። ከእርሳቸው ጋር ለመቆም የቆረጡትን ሰዎች ይዘው ወደ ሰሜን ሸዋ ወጡ። ሕግ እንዲያስከብሩ የተሾሙ ሰው በወራሪው ሕግ ዘንድ ሽፍታ ተባሉ።

በዚያው ክረምት ሐምሌ 21 ቀን አርበኞች አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ከየአቅጣጫው ገሠገሡ። የራስ ካሣ ልጆች ደጃዝማች አበራና ደጃዝማች አስፋ ወሰን ከፍቼ፣ ከሰሜኑ በኩል፣ ጦራቸውን ይዘው መጡ፤ ባላምባራስ አበበም የውጊያው ተካፋይ ነበሩ። ዝናቡ፣ የሞላው ወንዝና የግንኙነት እጦት ጥቃቱን አከሸፉት። በማግሥቱ ሐምሌ 22 ቀን አቡነ ጴጥሮስ በአደባባይ ተረሸኑ፤ የካሣ ልጆችም በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ፍቼ ላይ ተገደሉ። አቡነ ጴጥሮስ በከተማዋ ሐውልት ቆሞላቸዋል። በዚያ ክረምት ከአርበኛው ጋር ተሰልፈው የወደቁት የቀድሞ ዘበኞች ግን ለብቻቸው የሚታሰቡበት ቀን የላቸውም፤ ከነጻነት በኋላ የተቆጠሩት ከአርበኞች ጋር በጅምላ ነው። አርበኛ መባል ትልቅ ክብር ነው። ሆኖም ከዚያ በፊት በሌሊት ገበያ ሲጠብቅ፣ ሌባ ሲያባርር የኖረው ሰው በዚያ ስም ሥር ተሸፍኖ ቀረ።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በፍቼ መንገድ መጥተው እንጦጦ ማርያም ላይ ቆሙ፣ ጸለዩ፣ ከዚያም ወደ ከተማው ወረዱ። አርበኞቻቸውን አሰልፈው ከተቀበሏቸው መካከል አንዱ የቀድሞው የፖሊስ አዛዥ፣ አሁን ራስ አበበ የሚባሉት ነበሩ። ከድሉ በኋላ የከተማው ፖሊስ በእንግሊዝ መኮንኖች ረዳትነት እንደገና ተደራጀ፤ ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. የተፈረመው የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ስምምነት ለዚህ መሠረት ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1942 የወጣው የፖሊስ አዋጅ ቁጥር 6 ለመላ አገሪቱ አንድ የፖሊስ ሠራዊት ፈጠረ። የፖሊስ ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1946 ተከፈተ፤ እ.ኤ.አ. በ1956 ደግሞ ለየብቻ የነበሩት የከተማ ፖሊሶች ከብሔራዊው ሠራዊት ጋር ተዋሐዱ። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ ሠራዊቱ ከ28 ሺህ በላይ አባላት ነበሩት፤ ወደ 6 ሺህ የሚጠጉት ፈጥኖ ደራሽ፣ 1,200ው የድንበር ጠባቂዎች ነበሩ። የፈጥኖ ደራሹ ዋና ሰፈር ከእንጦጦ በስተ ምዕራብ ኮልፌ ላይ ነበር።

ዩኒፎርም፣ ማዕረግና ደመወዝ ሲመጡ ወጥ የሆነ የቀብር ሥርዓትም አብሮ መጣ። ሬሳው በሰንደቅ ዓላማ ይሸፈናል፤ ጓዶቹ ይሸከሙታል፤ የፖሊስ ማርሽ ባንድ የኀዘን ዜማ ያሰማል፤ ጉድጓዱ አጠገብ ተኩስ ይተኮሳል፤ የሕይወት ታሪኩ ይነበባል። ድሮ በሙሾ አውራጇ አፍ ይነገር የነበረው የሟች ሥራ አሁን በወረቀት ተጽፎ በመኮንን ይነበባል። ለወጣት ኮንስታብል የሚነበበው ግን ብዙ ጊዜ አጭር ነው፦ የተወለደበት ቀን፣ የተቀጠረበት ዓመት፣ ያገለገለበት ጣቢያ።

ሥርዓቱ የተናጋበት ጊዜ ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ለጉብኝት ብራዚል ሳሉ በክብር ዘበኛው አዛዥ በጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና በወንድማቸው በገርማሜ የተመራው መፈንቅለ መንግሥት ሲሞከር የፖሊስ ሠራዊት ኮሚሽነር ጄኔራል ጽጌ ዲቡ ከአድራጊዎቹ ጋር ቆሙ፤ በውጊያውም ሞቱ። በኋላ ጄኔራል የሆኑት የፖሊስ መኮንኑ ታደሰ ብሩ ግን ሙከራውን ካከሸፉት መካከል ነበሩ። የመከላከያ ሚኒስትር የነበሩት ራስ አበበ አረጋይ ከሌሎች ሹማምንት ጋር ታግተው ሳለ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በጥይት ተገደሉ። በጥቂት ቀናት ውስጥ የቀድሞው የከተማ ፖሊስ አዛዥና በሥራ ላይ ያሉት ኮሚሽነር በተቃራኒ ወገን ሞቱ ማለት ነው። ሁለቱም ሕጋዊው ትእዛዝ ከእነርሱ ወገን ነው ባይ ነበሩ። አሸናፊው መንግሥት የአንዱን ወገን ሙታን በክብር፣ የሌላውን በውርደት ቀበረ፤ የገርማሜ ንዋይ ሬሳ በአደባባይ እንደተሰቀለ የታወቀ ነው። የአለቆቹን ትእዛዝ ተቀብሎ መንገድ ላይ የቆመው ተራ ፖሊስ በየትኛው ወገን እንደሚቆጠር እንኳ የተወሰነው ከሞተ በኋላ ነው። ገነተ ልዑል ብዙ ሳይቆይ ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ፤ ከስድስት ኪሎ በሽሮ ሜዳ አድርጎ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሰው ዛሬም በግቢው ደጃፍ ያልፋል።

ከዐሥራ አራት ዓመት በኋላ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ያለ ፍርድ ከረሸናቸው ባለሥልጣናት መካከል የፖሊስ ኮሚሽነር የነበሩት ሌተና ጄኔራል ይልማ ሽበሺ ይገኙበታል። አጽማቸው ከጅምላ መቃብር ወጥቶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር ያረፈው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። በእነዚያ ዓመታት በከተማ ግድያ፣ በኤርትራና በኦጋዴን ውጊያ ብዙ ፖሊሶች ሞቱ። ሥላሴ ግን የታወቁ ሰዎች መካነ መቃብር ነው፤ ኮንስታብሉ በሰፈሩ ደብር ይቀበራል።

በደብሩ የሚደረገው መታሰቢያ ጥልቅ ነው፤ ለታሪክ ጸሐፊ ግን ዝግ ነው። ፍትሐት ሲደረግ፣ በሦስተኛው፣ በሰባተኛው፣ በዐሥራ ሁለተኛው፣ በአርባኛውና በሰማንያኛው ቀን ጸሎት ሲደርስ ካህኑ ሟቹን የሚጠራው በክርስትና ስሙ ነው። ወልደ ማርያም ወይም ገብረ ሚካኤል ተብሎ ሲጠራ ማዕረጉ፣ ጣቢያው፣ እንዴት እንደሞተ አይነሣም፤ በእግዚአብሔር ፊት አምሳ አለቃና ኮሎኔል የሉምና። ከዚያ በኋላ ካህናቱና ነዳያን በደጀ ሰላሙ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፤ ነፍስ ይማር ይላሉ። ሙስሊሙ ፖሊስ በሰደቃና በዱዓ ይታሰባል፤ እዚያም ዱዓው ለነፍሱ እንጂ ለማዕረጉ አይደለም። ወጪውን ከቤተሰቡ ጋር የሚሸከመው ዕድር ነው፤ ድንኳኑን ይተክላል፣ ወንበሩን ያቀርባል፣ ቀባሪውን ያስተባብራል። የወደቁ ፖሊሶችን ስም ዝርዝር በየደብሩ የሚፈልግ ሰው ብዙ ሳያገኝ የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። ሙታኑ ተረስተው አይደለም፤ የታሰቡት በሌላ ስም ነው።

ሌሎች አገሮች በስምና በቀን መርጠው ሄደዋል። ሕንድ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 21 ቀን 1959 በላዳክ ድንበር የተገደሉትን ዐሥር ፖሊሶች መነሻ አድርጋ በየዓመቱ በዚያ ቀን በሥራ ላይ የሞቱ ፖሊሶቿን ሁሉ ታስባለች። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ግንቦት 15ን ለዚህ ሰይማለች፤ በዋሽንግተን የተሠራው ግንብም ከ20 ሺህ በላይ ስሞች ተቀርጸውበታል። በለንደን እ.ኤ.አ. በ1984 የተገደለችው ፖሊስ ኢቮን ፍሌቸር በወደቀችበት አደባባይ ድንጋይ ቆሞላታል። የሕንድ አካሄድ ለኢትዮጵያ ይቀርባል፤ ከአንድ የታወቀ ውጊያ ተነሥቶ ሳይታወቅ የሞተውን ሁሉ ያቅፋልና። አርበኞች አዲስ አበባን ለማስለቀቅ የገሠገሡበት ሐምሌ 21 እንዲህ ዓይነት ቀን ለመሆን የሚበቃ ታሪክ አለው።

በኢትዮጵያ፣ መንግሥት የወደቀውን ፖሊስ ስም በቋሚነት የያዘው በጡረታ መዝገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 የመንግሥት አገልጋይን ተተኪዎች የጡረታ ተቀባይ አደረገ። ደርግ በጦርነት የሞቱ ሰዎችን ልጆች የሚያሳድግ ሕፃናት አምባን በአላጌ አቋቋመ። በ2003 ዓ.ም. የወጣውና በ2014 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ የተተካው አዋጅ ቁጥር 714 የፖሊስ አባላትንም ያካትት ነበር፤ በሥራ ላይ በደረሰ ጉዳት የሞተ ሰው የአገልግሎት ዘመኑ አጭር ነው ተብሎ ቤተሰቡ አይከለከልም ነበር። ሚስት ወይም ባል የሟቹን አበል 50 በመቶ፣ እያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ፣ በሟቹ ይረዳ የነበረ ወላጅ ደግሞ 15 በመቶ ያገኝ ነበር። ልጁ ዕድሜው ሲደርስ የእርሱ ድርሻ ይቆማል፤ የሚስትየው ይቀጥላል፤ በመዝገቡም የሟቹ ስም ከነማዕረጉና ከነጣቢያው ይቆያል።