ብርሃንን ከብርሃን ስለ ማዋሐድ

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ያባቶቻችን ቃል ለብርሃንም ይሠራ እንደ ሆነ ብንመረምር፥ ነገሩን እንደምናስበው ቀላል ሆኖ አናገኘውም። (ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

በ1747 ፈረንሳዊው ሊቅ ቡፎን 168 መስተዋቶችን በአንድ ማቀፊያ ላይ አሰልፎ የፀሐይን ነጸብራቅ ወደ አንድ ስፍራ ቢመልሰው፥ ራቅ ብሎ የቆመ እንጨት ነደደ። ሙቀቱ በእርግጥ ተደምሯል። ነገር ግን ጨረሮቹ ያን ስፍራ ሲያልፉ እንደ ገና ይበተናሉ፤ ገበያ ውለው ማታ ወደየቀያቸው እንደሚመለሱ ሰዎች ናቸው እንጂ አንድ ቤተ ሰብ አልሆኑም። የምንተርከው ታሪክ ከዚህ ልዩነት ይነሣል።

በ1800 በእንግሊዝ አገር ይኖር የነበረው የከዋክብት ተመራማሪ ዊልያም ኸርሸል የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም ከፍሎ የየቀለሙን ሙቀት በቴርሞሜትር ሲለካ፥ ከቀዩ ወዲያ፥ ዓይን ምንም በማያይበት ቦታ፥ ሙቀቱ በርትቶ አገኘው። ታሕተ ቀይ የተባለው ብርሃን ይህ ነው። የዚህ ብርሃን መካከለኛ ክፍል ብዙዎቹ ጋዞች የየራሳቸውን ምልክት የሚተዉበት ስለ ሆነ፥ ሾልኮ የሚወጣ ጋዝን ለመመርመር ይፈለጋል፤ የአውሮፕላንን ሞተር ሙቀት ተከትሎ የሚመጣውን ሚሳይል ለማደናገርም እንዲሁ። ለሁለቱም ተግባር ጨረሩ ሳይበተን ሩቅ መድረስ አለበት።

ቴዎዶር ሜይማን የመጀመሪያውን ሌዘር በ1960 በካሊፎርኒያ አበራ። በ1971 ካዛሪኖቭና ሱሪስ የተባሉ የሶቪየት ሊቃውንት በሐሳብ ያመለከቱትን ሌላ መንገድ ደግሞ፥ ፌዴሪኮ ካፓሶ፥ ጀሮም ፌስትና ባልደረቦቻቸው ከ23 ዓመት በኋላ በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ በሥራ ገለጡት። ኳንተም ካስኬድ በሚባለው በዚህ ሌዘር፥ ኤሌክትሮን እንደ ደረጃ በተደረደሩ እጅግ ስስ ንብርብሮች ሲወርድ በየእርከኑ የብርሃን ቅንጣት ይጥላል። ለክብሩ ግን አሳቢዎቹ ከፈጻሚዎቹ ያነሱ አይመስሉንም።

ሌዘሩ ከጥቃቅንነቱ የተነሣ ኃይሉ ውሱን ነው፤ አካሉን ቢያሰፉት ሙቀት ያስጨንቀዋል፥ ጨረሩም ጥራቱን ያጣል። ስለዚህ ብዙዎቹን ማስተባበር ግድ ሆነ። አንደኛው ዘዴ የሁሉንም ሞገድ በአንድ እርምጃ ማስኬድ ነው፤ ይሁን እንጂ የአንዱ ከፍታ ከሌላው ዝቅታ ጋራ ቢገጥም ይጠፋፋሉ። ሁለተኛው ለእያንዳንዱ በጥቂቱ የተለየ ቀለም ሰጥቶ፥ ጥቃቅን መስመሮች በተቀረጹበት መስተዋት ላይ ማገናኘት ነው። መስተዋቱ እያንዳንዱን ቀለም በየራሱ ማዕዘን ስለሚመልስ፥ ከልዩ ልዩ አቅጣጫ የመጡት በአንድ መንገድ ይወጣሉ፤ ኒውተን በ17ኛው መቶ ዓመት በፕሪዝም የበተነውን ብርሃን መልሶ ነጭ እንዳደረገው ያለ ነው። እኛን የሚደንቀን ይህኛው ነው፤ መለያየታቸው ራሱ ለአንድነታቸው ምክንያት ሆኗልና።

ካፓሶ በኋላ በተዛወረበት በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ፥ ከሊንከን ላቦራቶሪ ሰዎች ጋራ በመተባበር፥ የ28 ሌዘሮች ጨረር በዚሁ ዘዴ በ2009 ተዋሐደ፤ የጨረሩም ጥራት 21 እጥፍ ተሻለ፥ በ6 ሜትር ርቀትም የአንድ ዓይነት አልኮል ምልክት ተለየበት። ዋጋ ግን አለው፤ የተዋሐደው ጨረር ቀለሙ አንድ መሆኑ ይቀራል። ጋዝ መርማሪው ብዙ ቀለማትን ስለሚሻ ይህ ለእሱ ጥቅም ነው፤ አንድ ቀለም ብቻ የሚፈልግ ግን ወደ አስቸጋሪው ወደ ፊተኛው ዘዴ ይመለሳል።