ትንባሆ በአዋጅ፣ አረቄ በማጀት

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ሽማግሌዎች ትንባሆ አጫሹን ሲነቅፉ የኖሩት ሳንባውን አስበው አይደለም። ነቀፋው ከቤተ ክህነትና ከቤተ መንግሥት የወረደ ነው። ከ1864 እስከ 1881 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትንባሆን በአዋጅ ከልክለው፣ በተላለፈው ላይ ከባድ ቅጣት ደነገጉ። ለእነዚህ ወረዳዎች በምትቀርበው በደብረ ታቦር በጥቅምት 1872 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ያነጋገረው ጄኔራል ጎርደን ደግሞ ሲጋራ ከእጁ የማይለይ ሰው ነበር፤ እንዴት እንደ ቻለው ሁልጊዜ ይገርመኛል። ዶልና ሂል የተባሉት እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች ማጨስን ከሳንባ ካንሰር ጋር ያያያዘውን ጥናታቸውን ያሳተሙት ከዚያ 71 ዓመት ቆይቶ፣ በ1943 ዓ.ም. ነው።

አዋጁ ግን ማጀት አልገባም። ጠላና አረቄ የማኅበር፣ የደቦና የተዝካር መጠጥ ሆነው ዘለቁ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1980 ዓ.ም. የአልኮል መጠጥን ከካንሰር አምጪዎች መደበ፤ አልኮል በሰውነት ውስጥ ወደ አሴታልዲሃይድ ተለውጦ ዘረ መልን ይጎዳል፤ የጉሮሮ፣ የጉበትና የጡት ካንሰርንም ያስከትላል። ሴቷ አረቄ ስታወጣ የምትምገው የማገዶ ጭስም በኤጀንሲው ዘንድ ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም ከተባሉት ወገን ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሕዝብ መሰብሰቢያ ማጨስንና በብሮድካስት የአልኮል ማስታወቂያን ከለከለ፤ የማጀት አረቄ ግን መቼ ማስታወቂያ ፈልጎ ያውቃል?

ይህን ስል የብዙዎቻችሁ ደብተርና እስክሪብቶ ከአረቄ ሽያጭ እንደ ተገዛ አልዘነጋም። የእኔም ከዚያው ነው።