ዕጣኑ የሚመጣበት ቆላ

ሞጣ ገበያ ዕጣን የሚሸጡ እናቶች ነጩን፣ ቡናማውንና ዱቄት የሆነውን ለየብቻ ማዳበሪያ ላይ ዘርግተው በሲኒ እየሰፈሩ ይሸጣሉ። አንዷን «እናቴ፣ ይሄ ከየት ነው የሚመጣው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «የትግራይ ነው ልጄ፤ አንደኛ» አሉኝ። አጠገባቸው የተቀመጠችው ወጣት «ኧረ የመተማ ነው» ብላ አረመቻቸው። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። የዕጣኑ ዛፍ እነሱ ከተቀመጡበት ደጋ ቁልቁል፣ ዓባይ ሸለቆ ውስጥ፣ በጎጃም በኩልም ይበቅላል። «የዓባይ ነው» ያለኝ ሰው ግን የለም።

ነገሩ ከዚያ በኋላ አልለቀቀኝም። ሥራዬ ኮድ መጻፍ ነው፤ አንድ ፕሮግራም እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ስፈልግ በምን ላይ እንደቆመ ወደ ታች እየተከተልኩ አያለሁ። ዕጣኑንም እንደዚያው ተከተልኩት።

ዛፉ በአማርኛ ዋልያ መቀር፣ በትግርኛ መቀር ይባላል። ሳይንሳዊ ስሙ ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ ነው። «ፓፒሪፌራ» ወረቀት ተሸካሚ እንደ ማለት ነው፤ ቅርፊቱ እንደ ስስ ወረቀት እየተላጠ ስለሚረግፍ። ደረቅ፣ ሞቃትና ድንጋያማ ተዳፋት ይወዳል። ብቸናና ሞጣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆኑ እዚያ ብትተክሉት አይሆንላችሁም። ከሞጣ ወደ ሰባራ ድልድይ የወረደ ሰው ግን አገሩ እንዴት እንደሚለወጥ ያውቃል፤ ጋቢ ደርቦ የተነሳ ሰው ታች ሲደርስ ሸሚዙም ይከብደዋል። ዓባይ ሸለቆ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የማይገኝ ዘመዱም አለው፤ ቦስዌሊያ ፒሮቴ ይባላል።

ዕጣን የሚለቀመው በበጋ ነው። ዝናቡ ሲያቆምና ዛፉ ቅጠሉን ሲያራግፍ ምንጋፍ በሚባል ስለታም መሣሪያ ቅርፊቱ በስሱ ይላጣል። ወተት የመሰለ ፈሳሽ ይወጣና ይደርቃል። ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ለቃሚው ተመልሶ የደረቀውን ያነሳል፣ ቁስሉንም ትንሽ አስፍቶ እንደገና ይከፍተዋል። እስከ ክረምቱ መግቢያ ድረስ ይሄ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይደጋገማል። ያ ወተት ለእኛ ተብሎ የመጣ አይደለም። ዛፉ ቁስሉን ከነፍሳትና ከበሽታ የሚዘጋበት ፋሻው ነው። ከዚያ መጋዘን ይገባና በአብዛኛው ሴቶች ተቀምጠው በመጠንና በቀለም ይለዩታል፤ ትልልቁ ነጭ 1ኛ ደረጃ፣ ከቅርፊት ጋር የተደባለቀው ዱቄት 5ኛ። የእኛ ዕጣን ከዓረቦቹ በሽታ እንደሚለይም ማንበቤ ደስ አሰኝቶኛል፤ በዘይቱ ውስጥ ብዙውን ቦታ የሚይዘው ኦክታይል አሲቴት የሚባል፣ ብርቱካን ብርቱካን የሚሸት ንጥረ ነገር ነው። ቀጥሎ ቡና ስትጠጡ ልብ ብላችሁ አሽቱት።

ስለ ዕጣን ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ ከግብጽ ንግሥት ከሐትሼፕሱትና ከፑንት ምድር ይጀምራል። እኔ እዘለዋለሁ። ይበልጥ የሚገርመኝ በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው ፔሪፕለስ የተባለ የመርከብ ነጋዴዎች መመሪያ ነው። ከአዱሊስ ወደብ የሚወጡትን ሲዘረዝር የዝሆን ጥርስ፣ የኤሊ ቅርፊትና የአውራሪስ ቀንድ ይላል። ዕጣን የሚያነሳው ወደ ሶማሌ የባሕር ዳርቻና ወደ ደቡብ ዓረቢያ ሲሻገር ነው። ስለዚህ በዚያ ጥንታዊ የንግድ መዝገብ ውስጥ የእኛ ደጋ ዕጣን ሻጭ ሆኖ አይታይም። ማጨሱ ላይ ግን ማስረጃ ሞልቷል። ውቅሮ አቅራቢያ መቃብር ጋዕዋ በተባለ ቦታ በ2000 ዓ.ም. ገደማ የተገኘው ቤተ አምልኮ አልመቃህ ለተባለው የሳባውያን አምላክ የተሠራ ነበር፤ ከመሠዊያው ጋር የዕጣን ማጨሻዎችም ወጥተዋል። ይሄ ክርስትና ከመምጣቱ 1,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ጭሱ ቀድሞ ነበረ፤ በኋላ የተለወጠው የሚቀርብለት ነው።

በሮም ግዛት የነበሩት የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች እንዲያውም ዕጣንን ይሸሹት ነበር፤ በቄሣር ምስል ፊት ቆንጥሮ መጨመር ሃይማኖትን የመካድ ምልክት ሆኖ ይጠየቅ ስለነበር። በቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ውስጥ በግልጽ መታየት የጀመረው በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ዒዛና ክርስትናን የተቀበለውም በዚያው መቶ ዓመት ነው።

እዚህ ምሥራቅ ጎጃም የዕጣን ነገር ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚያስበው ቤተ ክርስቲያኑን ነው። ዲማ ጊዮርጊስ ከብቸና ብዙም አይርቅም፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበባችሁ ስሙን ታውቁታላችሁ። ወደ ሞጣ ስትሄዱ ደብረ ወርቅ ማርያም አለች፤ ወደ ዓባይ ጠርዝ ደግሞ መርጡለ ማርያም። በቅዳሴ ጊዜ ቄሱ ጽናውን እያወዛወዙ ሲያጥኑ፣ የጽናው ሻኩራ ሲንሿሿ፣ ሕፃን ሆኖ በእናቱ ነጠላ ውስጥ ያላስነጠሰ ማን አለ? ሲሞትም በፍትሐቱ ይታጠናል። ኅዳር 24 ቀን ደግሞ በዓሉ በቀጥታ የአጣኞች ነው፤ በዙፋኑ ዙሪያ ጽና ይዘው የሚቆሙት 24ቱ ካህናተ ሰማይ ይከበራሉ።

ማጠን ግን የካህን ሥራ ነው። በትምህርቱ ይሄ ቀልድ የለውም። ዳታንና አቤሮን በዕጣን ጉዳይ ምድር ተከፍታ ዋጠቻቸው፤ ንጉሡ ዖዝያን ያለ ሥልጣኑ ገብቶ ሊያጥን ሲል ግንባሩ ላይ ለምጽ ወጣበት። ለዚህ ነው ምእመን ቤቱ ውስጥ ማጤሱ በየጊዜው የሚያከራክረው። አንዳንድ ሰባኪ «ለመዓዛ ከሆነ ይሁን፣ ለጸሎት ብለህ ግን እንዳታጤስ» ይላል፤ ሌላው ከዛርና ከአድባር ጋር ስለሚያያዘው ጭራሽ አይወደውም።

ታዲያ አያቴ ምን ታደርግ ነበር? ቡና ታፈላ ነበራ! ፍሙ ላይ ዕጣኑን ጣል ስታደርግ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ የታመመ ትጠራለች፣ መንገደኛ ትጠራለች፣ እኔን ፈተና ካለብኝ ትጠራለች። ብትጠይቋት «ለቡናው ነው» ትላችኋለች። ቡናውም ቢሆን ለደጋው ክርስቲያን የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። ቤተ ክርስቲያን ለረጅም ዘመን ቡናን የሙስሊሞች መጠጥ አድርጋ ታይ ነበር፤ ክልከላው የላላው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በምኒልክ ዘመን ነው። «ጥንታዊ» የምንለው የረከቦትና የዕጣን ጥምረት ለብዙ የጎጃም ቤት አራት አምስት ትውልድ ቢሆነው ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ቡና የቤት ጭስን ከክርክሩ አስጥሎታል። እናቶች ካህን ሳይሆኑ የሚያጥኑበት ቦታ አገኙ፤ ስሙን ግን ጸሎት አላሉትም።

ይሄን ልብ ያልኩት አብሮኝ ከሚሠራ፣ ቼናይ ከሚኖር ህንዳዊ ጋር ሳወራ ነው። አንድ ዓርብ ማታ ስብሰባ ላይ እያለን ካሜራው በጭስ ተሸፈነ። እናቱ ሳምብራኒ ይዘው ከክፍል ክፍል እየዞሩ ነበር። ሳምብራኒ ፍም ላይ የሚጨመር ሙጫ ነው፤ በታሚል ቤቶች በተለይ ዓርብ ዓርብ ይታጠናል፣ ሴቶች ታጥበው ፀጉራቸውን ያደርቁበታል። «ቄስ አያስፈልግም?» አልኩት። ጥያቄው ራሱ አልገባውም። በሂንዱ ቤት አምልኮ አጭሩ ሥርዓት አምስት ነገር ማቅረብ ነው፤ ሽቱ፣ አበባ፣ ጭስ፣ መብራትና ምግብ። የሚያቀርበው የቤቱ ሰው ነው፤ ብዙ ጊዜም እናት ናት። ቤንጋል ውስጥ በዱርጋ በዓል ሰዎች ጭሱ የሚንቦለቦል የሸክላ ማጨሻ ይዘው በከበሮ ይጨፍራሉ። የእኛን ማኅሌት ለሚያውቅ ሰው ከበሮና ዕጣን አብረው መምጣታቸው እንግዳ አይደለም።

ቃላቱም ይጎራበታሉ። እነሱ ሎባን የሚሉት ከዓረብኛው ሉባን ጋር አንድ ነው። ዓረቦች ከሩቅ ምሥራቅ የሚመጣውን ሙጫ «ሉባን ጃዊ»፣ የጃቫ ዕጣን ይሉታል፤ ገበያችን ላይ ያለው «ሉባንጃ» የሚለው ስም ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። በየሱቁ የሚሸጠው የህንድ ሰንደልም ስሙ በዓረብኛ በኩል አድርጎ ከሳንስክሪት የመጣ ነው። ሙጫ የምትልክ አገር እንጨት ላይ የተለጠፈ ሽታ ከውጭ ትገዛለች። ይሄን ነገር ለኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ትቼዋለሁ።

ህንዶቹ ከጥንት የሚያጨሱት ሌላ ሙጫ ጉጉል ይባላል፤ ዛፉ የከርቤ ዘመድ ነው። አታርቫ ቬዳ የተባለው ጥንታዊ መጽሐፋቸው የጉጉል ሽታ በሽታን እንደሚያባርር ይናገራል። እኛስ? «ኅዳር ሲታጠን» እንላለን። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ገብቶ አዲስ አበባ ብቻ 10 ሺህ ያህል ሰው እንደገደለ ይገመታል፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም ታመው ተርፈዋል። ኅዳር 12 በየሰፈሩ ቆሻሻ የሚቃጠለው ያንን በማሰብ ነው ይባላል። የሚቃጠለው ገለባና ቆሻሻ ሆኖ ሳለ ግሡ ግን ያው «መታጠን» ነው።

ጉጉል ዛሬ ራጃስታንና ጉጃራት ውስጥ እየጠፋ ነው፤ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በከፍተኛ የመጥፋት አደጋ ውስጥ ካሉት መድቦታል። ሙጫው ይፈለጋል፣ ዛፉ ይቆሰላል፣ ይደርቃል። ይሄን ሳነብ ወደ ራሳችን ዛፍ ተመለስኩ።

እ.ኤ.አ. በ2019 ኔቸር ሰስቴይነቢሊቲ በተባለ መጽሔት ላይ ፍራንስ ቦንገርስ የተባሉ የኔዘርላንድስ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው፣ ኢትዮጵያውያንም ጭምር፣ በ23 ቦታዎች ያለውን ዋልያ መቀር ቆጥረው ውጤቱን አውጥተዋል። የዓለም ዕጣን ሁለት ሦስተኛው ከዚህ አንድ ዛፍ ነው የሚገኘው። ከተጠኑት ቦታዎች ከ75 በመቶ በላይ በሚሆኑት ትንንሽ ዛፎች የሉም፤ በአብዛኞቹ ለአሥርት ዓመታት አዲስ ዛፍ አልወጣም። ያሉት ትልልቆቹ ናቸው፤ እነሱም እያረጁ ይሞታሉ። እንደ ስሌታቸው ምርቱ በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል። ምክንያቶቹ የሰደድ እሳት፣ ልቅ ግጦሽ፣ ግንዱን የሚበላ ጥንዚዛና ያለ እረፍት ማቁሰል ናቸው። ቀደም ሲል ኤርትራ ውስጥ የተደረገ ጥናት ደግሞ ካልቆሰለ ዛፍ የተወሰደ ዘር ከ80 በመቶ በላይ ሲበቅል፣ ከቆሰለው የተወሰደው 16 በመቶም እንደማይሞላ አሳይቷል። ዛፉ ለፋሻ ያወጣው ጉልበት ለልጅ አይተርፈውም ማለት ነው።

የእነዚሁ የቦንገርስ ተማሪ የነበረውን ሰው ታውቁታላችሁ፤ የ«እመጓ» ደራሲ ዓለማየሁ ዋሴ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን የሠራው በቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ነበር። የእሱና የመሰሎቹ ሥራ ለዓለም ያሳየው እኛ በየቀኑ እያየን የማናየውን ነው፤ ከአውሮፕላን ላይ የጎጃምና የጎንደር ደጋ የታረሰ ቡናማ ሜዳ ሆኖ፣ በመሃሉ እንደ አረንጓዴ ማኅተም የተመቱ ክቦች ይታያሉ፣ በየክቡ መሃልም አንድ ቤተ ክርስቲያን አለ። ጽዱ፣ ወይራው፣ ኮሶው፣ ዝግባው የተረፈው ደብሩ ስለጠበቀው ነው። ቅርንጫፍ የሚቆርጥ ሰው ይፈራል።

ግን እዚያ ውስጥ የሌለው፣ በየቀኑ መቅደሱ ውስጥ የሚቃጠለው ዛፍ ነው። ደጋ ላይ አይበቅልማ። ቆላ የወረዱ ገዳማት አሉ፤ መተማ በኩል ያለው ማኅበረ ሥላሴ በዙሪያው ሰፊ ቆላማ ደን ይዞ ኖሯል። ከብቸናና ከሞጣ በታች ባለው ገደል ግን ቁልቁለቱ የማንም አጸድ አይደለም። የዕጣን ዛፍን በመቁረጥ የተገዘተ ሰው ሰምቼ አላውቅም፤ የደብር ወይራ የነካ ግን የሰፈር ወሬ ይሆናል። የአካባቢያችንን አንድ ቄስ ይሄን ብጠይቃቸው «እውነትክን ነው፤ ግን ቆላውን ማን ይጠብቀዋል?» አሉኝ። ንቀት አልነበረበትም። እሳቸውም ዕጣኑን የሚገዙት እንደ እናቴ በሲኒ ነው።

ከቅርንጫፉ ቆርጦ በመትከል ዛፉ ይራባል፤ ለከብት የተከለለ ቦታም ለችግኙ ፋታ ይሰጣል። የዘመዶቼ ከብቶች ግን በጋ በጋ ወደዚያው ሸለቆ ነው የሚወርዱት። ባለፈው ፋሲካ ከብት ሲያወርዱ ያደጉትን አጎቴን «ጋሼ፣ ዋልያ መቀር ታች አለ አይደል?» አልኳቸው።

«መቀር? እሱማ ሞልቷል» አሉኝ። «ትልልቅ ነው፣ ከነወረቀቱ።»

«ትንንሹስ? ችግኙ?»

ጠላቸውን አስቀምጠው ትንሽ አሰቡ።

«ትንሽ መቀር አይቼ አላውቅም» አሉ።